የአገልግሎት ግዴታ በዓመት ብቻ ሲለካ
(ስለ ወታደራዊ ማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ሥልጠና የቀረበ ሂስ)

በሕዝብ ገንዘብ የሠለጠነ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል ማድረግ በአገራችን አዲስ አሠራር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅም የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ደንግጎ ነበር። ሁለቱም ግዴታውን የለኩት በጊዜ ርዝመት ነው። ይህ መለኪያ ወታደሩንና ቤተሰቡን ለሚረዳ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ግን አይበቃም።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይመነጫል። ባለሙያው በአንድ በኩል ለአዛዡ ተጠሪ፣ በሌላ በኩል የወታደሩ ምሥጢር ጠባቂ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ወታደሩ ግን ጭንቀቱን መግለጥ ማዕረጉን የሚነካበት ከመሰለው መደበቁ አይቀርም። ለአዛዡ የሚነገረውን ከማይነገረው መለየት ደግሞ በመማሪያ ክፍል ብቻ አይገኝም፤ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር እየሠሩ የሚማሩት ነው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የማስተርስ ዲግሪ ያገኘ ጀማሪ ራሱን ችሎ እንዲሠራ የሚያስችለውን ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ይህ ዘዴ ለእኛም እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የክፍል ትምህርትን ከመስክ ልምምድ ጋር አጣምሮ ይሰጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከ1974ቱ ለውጥ ወዲህ ተዘግቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። በ1991 በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበትነው ወደየቀያቸው ሲመለሱ፣ ይህ ሙያ በአገሪቱ ማሠልጠኛውን ባጣበት ዘመን ላይ ደረሱ። ፍላጎቱ እጅግ በበዛበት ጊዜ ሥልጠናው ተቋርጦ መገኘቱ የዕቅድ ጉድለት ነው።

ጉዳዩ ለምዕራብ ጎጃም ሩቅ አይደለም። ብር ሸለቆ በወታደር ማሠልጠኛነቱ የታወቀ ስፍራ ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር የዘመተ አባት ቆስሎ ሲመለስ ወይም ሳይመለስ ሲቀር፣ በልጁ ላይ የሚታየውን ለውጥ ቀድሞ ከሚያስተውሉት አንዱ መምህሩ ነው። ልጁ ከትምህርት ይቀራል፤ ከጓደኞቹ ይጣላል፤ አለዚያም ጭራሹን ዝም ይላል። መምህሩ ችግሩን ቢያውቅም፣ የሚያማክረው ባለሙያ በአቅራቢያው ከሌለ ዕውቀቱ ከክፍሉ በር አያልፍም።

ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች የአገልግሎት ውል ሲያዘጋጁ ከዓመቱ ቁጥር ጋር ሦስት ነገሮችን እንዲያካትቱ ያስፈልጋል፤ ጀማሪውን የሚከታተለው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ የምሥጢር አጠባበቁ ወሰን እስከ የት እንደሆነ፣ ከአገልግሎቱም የተወሰነው ጊዜ ከጦር ሰፈር ውጭ፣ የወታደሩ ቤተሰብ በሚኖርበት ወረዳ ከትምህርት ቤቶች ጋር እንዲፈጸም። እነዚህ ያልተጻፉበት ውል ዕዳ ያስከፍል ይሆናል እንጂ ባለሙያ አያወጣም።