«ሲኮ»፦ ታካሚውን ያሳየ፣ ፈራሚውን ሐኪም ያለፈ ፊልም

አሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ2007 ለዕይታ ያበቃው «ሲኮ» የአሜሪካን የጤና መድን ሥርዓት ከተቹ ሥራዎች መካከል በስፋት የታየና ያወዛገበ ነው፡፡ የፊልሙ ዋና ባለታሪኮች መድን የሌላቸው አሜሪካውያን አይደሉም፡፡ ለእነርሱ የተሰጠው የመግቢያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በመጋዝ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ የተቆረጠበት ሰው የመሐል ጣቱን ለማስቀጠል 60,000 ዶላር፣ የቀለበት ጣቱን ለማስቀጠል 12,000 ዶላር መክፈል እንዳለበት ተነግሮት ርካሹን ሲመርጥ ይታያል፡፡ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ፊቱን ወደ ባለ መድኖቹ ያዞራል፡፡ በየወሩ ክፍያቸውን ሳያጓድሉ ኖረው በታመሙ ጊዜ «አይሸፈንም» የተባሉትን ሰዎች እየተራ ያናግራል፡፡ ይህ ምርጫ ብልህነት የተሞላበት ነው፡፡ የደሃው ሰው ሕክምና ማጣት ተመልካቹ አዝኖ የሚያልፈው የቆየ ታሪክ ሲሆን፣ የከፈለ ሰው መከልከል ግን ተመልካቹ ራሱ በኪሱ የያዘውን የመድን ካርድ እንዲያይ ያስገድደዋል፡፡

ሙር ይህን የሚያሳየው በምሬት ብቻ ሳይሆን በቀልድም ጭምር ነው፡፡ በመኪና አደጋ ራሷን ስታ በአምቡላንስ የተወሰደች ወጣት፣ ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀበትም በሚል የአምቡላንሱ ሒሳብ እንዳይከፈልላት መደረጉን ትናገራለች፤ ፈቃዱን በየትኛው ሰዓት መጠየቅ እንደነበረባትም ግራ ተጋብታ ትጠይቃለች፡፡ ተመልካቹ ይስቃል፡፡ የኩላሊት ካንሰር ይዞት የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላው «በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና» ተብሎ የተከለከለውና በኋላም ያረፈው ሰው ሚስት ስትናገር ግን ሳቁ ይቆማል፡፡ በአዘጋጅነት ሙያ በኩል ሲታይ ሙር ጊዜውንና መጠኑን የሚያውቅ ሰው መሆኑን መመስከር ይገባል፡፡

ይሁን እንጂ የፊልሙ እጅግ ጠንካራ ክፍል ታካሚ የማይታይበት ክፍል ነው፡፡ ዶክተር ሊንዳ ፒኖ ሂውማና ለተባለው የመድን ድርጅት የሕክምና ጥያቄዎችን እየመረመሩ የሚያጸድቁና የሚከለክሉ ሐኪም ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1996 በአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው በሰጡት ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችል የነበረ ቀዶ ሕክምና ለአንድ ሰው መከልከላቸውን፣ ሰውየውም መሞቱን፣ በዚህም ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ እንዲያውም ድርጅቱን ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ወጪ ስላዳኑ በሥራቸው መልካም ስም ማትረፋቸውን ተናገሩ፡፡ ድርጅቱ ፊልሙ ከወጣ በኋላ በሰጠው መልስ ፒኖ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆኑ የትርፍ ጊዜ ኮንትራት ሠራተኛ እንደነበሩና የሰውየው ውል የልብ ንቅለ ተከላን እንደማይሸፍን ገልጿል፡፡ መልሱ ለሕግ ሰው የሚበቃ ሊሆን ይችላል፡፡ ለሐኪም ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጉዳዩ ውሉን አንብቦ አይሸፍንም ከማለት የማያልፍ ከነበረ፣ ያንን ለማለት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ይበቃ ነበር፡፡ የሐኪም ፊርማ ስለ ምን አስፈለገ?

መልሱ «ማኔጅድ ኬር» በሚባለው አሠራር ውስጠ ደንብ ይገኛል፡፡ ድርጅቱ ገንዘብ አልከፍልም ሲል ሕጉም ሕዝቡም እንደ ነጋዴ ያዩታል፡፡ ሐኪም «ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» ብሎ ሲፈርም ግን የገንዘቡ ውሳኔ የሕክምና ውሳኔ መልክ ይይዛል፡፡ ታካሚውም የሚሰማው «አንከፍልም» የሚለውን ሳይሆን «አያስፈልግህም» የሚለውን ነው፡፡ ድርጅቱ ከሐኪሙ የሚገዛው ሙያዊ ስሙን እንጂ እውቀቱን አይደለም ለማለት ያስደፍራል፡፡ ፒኖ በፊልሙ ውስጥ ብዙ ለከለከለ ሐኪም ጉርሻ ይሰጥ እንደነበር ጭምር ይናገራሉ፡፡ ሙር ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ምን አደረገ? አመስግኖ አለፈ፡፡ ካሜራው ወደ ፖለቲከኞቹ ሮጠ፤ ከዚያ በኋላ ከፈራሚው ወንበር ወደ ተቀመጠው ሐኪም በቁም ነገር አልተመለሰም፡፡

በዚህ ረገድ ፊልሙ ሊጠቀምበት ይችል የነበረ አንድ ጉዳይ በአሪዞና ግዛት አለ፡፡ የአንድ መድን ድርጅት የሕክምና ዳይሬክተር፣ የሐሞት ከረጢት እንዲወጣ የቀረበውን ጥያቄ ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም ብለው ከለከሉ፡፡ ቀዶ ሐኪሙ ክልከላውን ወደ ጎን ትተው ቀዶ ሕክምናውን አከናወኑ፤ የፓቶሎጂ ምርመራውም የሐሞት ከረጢቱ የታመመ እንደነበረ አሳየ፡፡ ጉዳዩ ለግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ በአቤቱታ ሲቀርብ ዳይሬክተሩ የወሰኑት የመድን ሽፋንን እንጂ ሕክምናን ስላልሆነ ቦርዱ በእርሳቸው ላይ ሥልጣን እንደሌለው ተከራከሩ፡፡ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ክርክሩን ውድቅ አደረገው፡፡ ታካሚውን ያላዩ ቢሆንም የወሰኑት የሕክምና ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሐኪም በቦርዱ ፊት ይጠየቃሉ አለ፡፡ ፍርዱ ከአሪዞና ውጭ አስገዳጅ አልነበረም፡፡ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የአሠሪዎችን የጥቅማ ጥቅም ዕቅዶች የሚገዛው የ1974 ሕግ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ መሠረት አድርጎ በሰጠው ውሳኔ፣ በአሠሪው በኩል መድን የተገባለት ሠራተኛ በክልከላው ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት በግዛት ሕግ ካሣ መጠየቅ እንደማይችል ወስኗል፡፡ የሚያገኘው ቢበዛ የተከለከለውን ሕክምና ዋጋ ነው፡፡ ለሞተ ሰው የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ምን ይፈይዳል? ከሙር ካሜራ በላይ የሚያስቆጣው ይህ ነበር፤ ነገር ግን የሕግ ነገር በፊልም አያስቅምና ተትቷል፡፡

ሁለተኛው የፊልሙ ድክመት ታሪክ ላይ ነው፡፡ ሙር የሥርዓቱን መነሻ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1971 በዋይት ሐውስ በተቀዳ ድምፅ ነው፡፡ በዚህ ቅጂ ላይ አማካሪው ጆን ኤርሊክማን ለፕሬዚዳንት ኒክሰን የካይዘር ድርጅት ለትርፍ እንደሚሠራ፣ ሕክምና ባነሰ ቁጥርም ትርፉ እንደሚጨምር ሲያስረዷቸው ይሰማል፤ ኒክሰንም ሐሳቡን ወደዱት፡፡ የጤና ጥበቃ ድርጅቶችን የሚያበረታታው ሕግም እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ፡፡ ቅጂው እውነተኛ ነው፡፡ ኤርሊክማን የተናገሩት ግን ትክክል አልነበረም፤ የካይዘር የጤና ዕቅድና ሆስፒታሎች ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሲሆኑ ሐኪሞቹ ደግሞ በራሳቸው የተለየ ማኅበር የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ዛሬም እንደዚያው ናቸው፡፡ ፊልሙ ስሕተቱን ሳያርም አሳለፈው፡፡

ይህ ጥቃቅን ነገር መልቀም እንዳይመስል የካይዘርን አጀማመር መመልከት ያሻል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲድኒ ጋርፊልድ የተባሉ ወጣት ሐኪም በካሊፎርኒያ በረሃ የውኃ ቦይ ለሚሠሩ ሠራተኞች 12 አልጋ ያለው ሆስፒታል ከፈቱ፡፡ የመድን ድርጅቶች ክፍያ እያዘገዩና እየተከራከሩ ሆስፒታሉን ሊዘጉት ደረሱ፡፡ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን አምስት ሳንቲም አስቀድሞ እንዲከፈላቸው ተስማሙ፡፡ ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ፡፡ ቀድሞ የተጎዳ ሠራተኛ ገቢ ነበር፤ አሁን ወጪ ሆነ፡፡ ጋርፊልድ ወደ ሥራው ቦታ እየሄዱ በየሳንቃው ላይ የወጡ ምስማሮች እንዲመቱ ይወተውቱ ጀመር፡፡

እንግዲህ ያው የቅድሚያ ክፍያ አንዱን ሐኪም ምስማር ሲያስመታ፣ በ1990ዎቹ ብዙዎቹን የሪፈር ወረቀት አስከለከላቸው፡፡ በእነዚያ ዓመታት በብዙ ውሎች አንድ ሐኪም በነፍስ ወከፍ የተወሰነ ወርሃዊ ክፍያ ይቀበላል፤ ከክፍያው የተወሰነው ተይዞበት፣ ወደ ስፔሻሊስት የላካቸው ታካሚዎችና ያዘዛቸው ምርመራዎች ከተመደበው ጣሪያ ካላለፉ በዓመቱ መጨረሻ ይመለስለታል፡፡ አንዳንዶቹ ውሎች ያልተሸፈነውን አማራጭ ለታካሚው እንዳይነግር እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፡፡ ልዩነቱ የሚመጣው የተረፈውን ገንዘብ ማን ይወስዳል፣ ታካሚውስ ከሐኪሙ ጋር ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ከሚለው ነው፡፡ በየዓመቱ መድን የሚቀይር ታካሚ ዛሬ ደም ግፊቱ ቢስተካከል ከሃያ ዓመት በኋላ የሚድነው ወጪ የሌላ ድርጅት ትርፍ ነው፡፡ ነጋዴ ለተወዳዳሪው ምስማር አይመታም፡፡ በሌላ በኩል ለትርፍ አለመቋቋም ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ፊልሙ ራሱ ሳያስበው ይመሰክራል፤ ትኩሳት ይዟት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ተወስዳ፣ ዕቅዱ ወደ ራሱ ሆስፒታል እንድትዛወር አለ በሚል ስትንገላታ ያለፈችው የ18 ወር ሕፃን የካይዘር አባል ነበረች፡፡

ካናዳ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በፊልሙ ውስጥ የጉብኝት ያህል ናቸው፤ ወረፋም ጉድለትም የለባቸውም፡፡ ከእነዚህ ሁሉ ለባለሙያ የሚጠቅመው አንድ እንግሊዛዊ ጠቅላላ ሐኪም ታካሚዎቻቸው ሲጋራ ሲያቆሙና ደም ግፊታቸው ሲወርድ ተጨማሪ እንደሚከፈላቸው የሚናገሩበት ነው፤ የጋርፊልድ ምስማር እዚህ ለንደን ላይ እንደገና ብቅ አለ፡፡ ሙር ግን የሐኪሙን መኪና ማየት መረጠ፡፡ ስለ ኩባው ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም፡፡ አሜሪካን በ37ኛ ደረጃ ለማሳየት በቀረበው የዓለም ጤና ድርጅት የ2000 ዝርዝር ላይ ኩባ 39ኛ እንደነበረች ልብ ያለ ተመልካች ያያታል፡፡

ከፊልሙ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ፣ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ምክንያት አድርጎ መድን መከልከልን ከ2014 ጀምሮ አስቀርቷል፤ ታማሚውን ፋይሉን ፈልፍሎ ከመዝገብ መሰረዝንም ከልክሏል፡፡ ድርጅቶቹ ከሚሰበስቡት ዐረቦን ቢያንስ 80፣ በትላልቅ ዕቅዶች 85 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውሉም ያስገድዳል፡፡ በመድን ሰዎች ቋንቋ ይህ ለሕክምና የወጣው ገንዘብ «የሕክምና ኪሣራ» ይባላል፤ የዳነ ታካሚ በኪሣራ ዓምድ ይመዘገባል ማለት ነው፡፡ ይሁንና ሕጉ የወሰነው መቶኛውን እንጂ መጠኑን ባለመሆኑ ድርጅቶቹ ክሊኒኩን፣ ፋርማሲውንና ሐኪሙን ራሳቸው ወደ መግዛት ዞሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩናይትድ ሄልዝ በተባለው ኩባንያ ሥር በቅጥርም በውልም የነበሩት ሐኪሞች ወደ 90,000 ይጠጉ ነበር፡፡

ቅድመ ፈቃዱም አልቀረም፡፡ የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በግል ድርጅቶች በሚመራው የአረጋውያን መድን ውስጥ ከተከለከሉት የቅድመ ፈቃድ ጥያቄዎች 13 በመቶው የመንግሥቱን የሽፋን መመዘኛ ያሟሉ እንደነበሩ አሳይቷል፡፡ በ2023 ደግሞ ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ዜና ተቋም፣ የሲግና ሐኪሞች በ2022 በሁለት ወራት ውስጥ ከ300,000 በላይ የክፍያ ጥያቄዎችን እንደከለከሉና ለእያንዳንዱ በአማካይ 1.2 ሰከንድ እንደዋለ ዘገበ፡፡ ኩባንያው አሠራሩ ክፍያን ለማፋጠን የታሰበ ነው ሲል ተከላክሏል፡፡ በ1.2 ሰከንድ የታካሚው ስም እንኳ አይነበብም፡፡ ፒኖ ቢያንስ ፋይሉን አንብበው ነበር፡፡

ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ ነገሩ በሁለት በኩል ቅርብ ነው፡፡ በሀገር ውስጥ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ፣ ማኅበረሰብ አቀፉ መድንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያው ከመድን ጋር መሥራትን ተለማምዷል፡፡ ይህ መድን ለትርፍ አልተቋቋመም፤ የገበሬውን ካርድ የሚያከሽፈው ብዙውን ጊዜ ባዶ የመድኃኒት መደርደሪያ እንጂ ፈራሚ ሐኪም አይደለም፡፡ በሌላ በኩል ከዚህ ተመርቀው በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፡፡ ከእነርሱ ብዙዎቹ «ሐኪም ለሐኪም ውይይት» የተባለውን የስልክ ጥሪ ያውቁታል፡፡ ያዘዙት ምርመራ ይከለከላል፤ በሁለት ታካሚ መካከል ስልክ ይዘው ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻ በወዲያኛው ጫፍ የሚመጣላቸው ድምፅ የሐኪም ድምፅ ነው፣ ምናልባትም የሌላ ሙያ ዘርፍ ሐኪም፣ ታካሚውን ፈጽሞ ያላየ፡፡ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሐላ የማሉ ናቸው፡፡ ሙር ሀቫና ድረስ ከሚሄድ ይህን ጥሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢቀርጽ ኖሮ፣ ፊልሙ በግማሽ ያጥር ነበር፡፡