ስለ ብረት ቅብ ስያሜዎች

በአቃቂ ቃሊቲ ከታላላቆቹ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አንሥቶ እስከ መንገድ ዳር ብየዳ ቤቶች ድረስ ብረት ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ይቀባል። የሥራው ቋንቋ ከብዙ ወገን የተውጣጣ ነው፤ «ላሜራ»፣ «ቱቦላሬ»ና «ስቱኮ» ከጣሊያንኛ፣ «ቲነር»ና «አንቲረስት» ከእንግሊዝኛ ገብተዋል። ቃል ከውጭ ስለ መጣ ብቻ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሠሪውን ሲያሳስት ነው።

በ«አንቲረስት» ምትክ የሚሠራበትን «ፀረ ዝገት»ን እንመልከት። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው። ዳሩ ግን «ፀረ ተባይ» ተባይን እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው፣ የግቢውን በር ራሱ ሊቀባ ሲነሣ፣ ይህም ዝገትን የሚገድል መስሎት በዛገው ላይ ይደርበዋል። የተለመደው ቅብ ግን የያዘውን ዝገት አያጠፋም፤ እርጥበትና አየር ከጸዳው ብረት እንዳይደርሱ ይከላከላል፣ ለላይኛውም ቀለም መያዣ ይሆናል። የላላ ዝገት ላይ ከተቀባ፣ ዝገቱ ሲነሣ ቅቡም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አስቀድሞ በሽቦ ቡሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቅባቱንም መጥረግ ግድ ነው። በበኩላችን «መነሻ ቅብ» የሚለውን እንመርጣለን፤ የሥራውን ተራ ይናገራልና። «ፀረ ዝገት» ቅጽል ሆኖ «ፀረ ዝገት መነሻ ቅብ» ቢባል ግን አንቃወምም።

በአንጻሩ ሠራተኛው ያቆየልን መልካም ቃል አለ፤ ይኸውም «እጅ» ነው። «ሁለት እጅ ቀለም» ሲባል ቡሩሹ ሁለት ጊዜ መመላለሱን ብቻ ሳይሆን፣ የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛው እንደማይደረብ ባለሙያው ይረዳል። በኮምፕረሰር ለሚረጨውም ቃሉ ያገለግላል፤ እንዲያውም ርጭት በስስ በስሱ ብዙ እጅ ሲሆን ያምራል፣ በአንድ ጊዜ ሲወፍር ግን ይንጠባጠባል። ይህ እያለ በመጽሐፍ «ንብርብር» ማለት ያለውን ጥሎ የሌለውን መፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «እርሳስ» ነው። የእርሳስ ኦክሳይድ ለብረት መነሻ ቅብ በዓለም ዙሪያ ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ መርዝነቱ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ «እርሳስ የለበትም» ቢጻፍ፣ አንባቢው በቅድሚያ የሚያስበው የተማሪውን መጻፊያ ነው። «ሊድ» ቢባል ደግሞ ብዙው ሰው አያውቀውም። «መርዛማው የእርሳስ ማዕድን» ብሎ ማርዘም ይሻላል። አሮጌ ቅብ በደረቁ የሚፍቅ ሰው አቧራውን ወደ ቤቱ ይዞ እንዳይገባ የሚያስጠነቅቀው ይህ ስያሜ ነውና።

እንግዲህ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን በብየዳ ቤትም ይፈተን እንላለን። ቀቢው ቃሉን ሰምቶ ሥራውን በትክክል ከሠራ ስያሜው ተሳክቷል፤ ከተሳሳተ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሊታረም ይገባዋል።