ስለ ናፍጣ ሞተር «የጭስ ማጣሪያ» ስያሜዎች፤ ሂሳዊ አስተያየት

አንድ የሙያ ቃል ዘወትር የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ በቋንቋው የቃል አመሠራረት ሥርዓት ላይ በመቆሙና ጽንሰ ሐሳቡን በትክክል በመያዙ። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መመዘኛ ይጨመራል፤ እርሱም ቃሉን የሰማው ሰው በቃሉ ተመርቶ የሚደርስበት ውሳኔ ነው። ለማሳያነት የተመረጡት በናፍጣ ሞተር ጭስ መውጫ ላይ ለሚገኘው ማጣሪያና ለሕመሞቹ የሚሰጡት የአማርኛ ስያሜዎች ናቸው። ዕቃው ውድ ስለ ሆነ በስያሜው ላይ የሚፈጠረው ብዥታ በገንዘብ ይከፈላል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በብረት ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የሸክላ አካል አለ። ጎን ለጎን ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ በፊት በኩል፣ ሌላው በኋላ በኩል የተዘጋ ስለ ሆነ፣ ጭሱ በስሱ የሸክላ ግድግዳ ውስጥ ሠርጎ ለማለፍ ይገደዳል። ጋዙ ያልፋል፤ ጥቀርሻው ይቀራል። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ጭሱ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ይቃጠላል። የፔዦ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ ከገጠመው ወዲህ በቤት መኪናዎች ላይ እየተስፋፋ መጥቷል። ስለዚህ ስያሜውን በ1951 ዓ.ም. በታተመው ከሣቴ ብርሃን ወይም በ1962 ዓ.ም. በወጣው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሥራው የዛሬው ተርጓሚ ነው።

የመጀመሪያው ትችታችን በቀጥታ ትርጉም ላይ ያርፋል። የባዕዱን ሐረግ ቃል በቃል የሚከተል ተርጓሚ «የናፍጣ ቅንጣት ማጣሪያ» ይላል። ሆኖም በአማርኛ «ማጣሪያ» ከሚለው ቃል በፊት በ«የ» ተያይዞ የሚመጣው ስም በአብዛኛው የሚጣራውን ነገር የሚያመለክት ነው። የውሃ ማጣሪያ ውሃውን ያጣራል፤ የጠላ ማጣሪያ ጠላውን ያጣራል። በዚሁ ደንብ «የናፍጣ ማጣሪያ» ናፍጣውን፣ ማለት ነዳጁን የሚያጣራው ነው፤ ይህም ስም በየጋራዡ ባለቤት ያለው ስም ነው። እንግዲህ «ቅንጣት» የሚለው ቃል በመካከል ቢገባም ሰሚው የሚረዳው በነዳጁ ውስጥ ያለውን እድፍ የሚይዘውን ርካሽ ዕቃ ነው። አንዱ የነዳጅ ማጣሪያውን ለውጦ ችግሩ እንዳለ ይቆይበታል፤ ሌላው የነዳጅ ማጣሪያ ይቀየራል ተብሎ ሲስማማ ያልጠበቀው ዋጋ ይቀርብለታል።

ደንቡን ከተከተልን ተገቢው ስያሜ «የጭስ ማጣሪያ» ነው፤ የሚጣራው ጭሱ ነውና። ከማርሚታ ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ግን ማርሚታ ድምፅን የሚያበርድ እንጂ የሚያጣራ አይደለም፤ ከጣልያንኛ የመጣው ስሙም ጸንቶ የቆየ ነው። ጭሱን በኬሚካዊ ለውጥ የሚያነጻው ሌላው ዕቃ፣ ካታሊስት የሚባለው፣ ምንም ስለማይዝ «ማጣሪያ» ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ትችት ከሁሉ የከበደው ነው። ስለ ሕመሙ የሚነገረው «ተደፈነ» የሚለው አንድ ግሥ ብቻ ነው። ግሡ ውጤቱን ይናገራል፤ መንሥኤውን ይሸሽጋል። የሚደፍኑት ነገሮች ሁለት ሲሆኑ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ጥቀርሻ ያልተቃጠለ ከሰል ስለ ሆነ በሙቀት ተቃጥሎ ይጠፋል። አመድ ግን በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት የማዕድን ቅመሞች የሚቀር ስለ ሆነ አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ተፈትቶ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት። ዓለም አቀፉ የብልሽት ቁጥር ሥርዓት እንኳ ሁለቱን ይለያል፤ ፒ2463 የጥቀርሻ፣ ፒ242ኤፍ የአመድ ክምችትን ያመለክታሉ። የሚያስገርመው አማርኛ ይህን ልዩነት ከምድጃው ዳር ጀምሮ የሚያውቀው መሆኑ ነው። በጋይንትም ሆነ በፋርጣ ጥቀርሻ ከጣሪያው የሚንጠለጠል፣ አመድ ከጉልቻው ሥር የሚዛቅ መሆኑን የማያውቅ ልጅ የለም። ቋንቋው የያዘውን ሀብት ተርጓሚው በ«ተደፈነ» ከሸፈነው፣ ጉድለቱ የቋንቋው ሳይሆን የተርጓሚው ነው።

ሦስተኛው ትችት ጥቀርሻውን የማቃጠሉን ሂደት ይመለከታል። «እድሳት» የሚለው አቻ ቃል ለቤትና ለፈቃድ የሚሠራ በመሆኑ በሰው እጅ፣ በክፍያ የሚከናወን ጥገናን ያሳስባል፤ ሂደቱ ግን መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ በራሱ የሚፈጽመው ነው። «መቃጠል» የሚለውም ብቻውን አደገኛ ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ተቃጠለ» ማለት ተበላሸ፣ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ ማለት ነውና። «ማጣሪያው ጥቀርሻውን አቃጠለ» የጤና ወሬ ሲሆን «ማጣሪያው ተቃጠለ» የሞት ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ግሡ ከተሳቢው እንዳይለይ፣ ሂደቱም «ጥቀርሻ ማቃጠል» እንዲባል እናሳስባለን።

የእነዚህ ልዩነቶች ጥቅም በደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች በግልጽ ይታያል። ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለ ሆነ ቃጠሎው ሲጓደል ጥቀርሻ ሊበዛ ይችላል። በሌላ በኩል ሽቅብ መውጣቱ ሞተሩን ስለሚያስጨንቅ ጭሱ ይግላል፤ ጥቀርሻውም የመቃጠል ዕድል ያገኛል። ቁልቁል ሲወርድ ግን ጭሱ ይቀዘቅዛል። በከተማው ውስጥ ከገበያ ወደ ቤት በአጭር በአጭሩ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ምንም ሳይነካው በጥቀርሻ ይሞላል። ለዚህ ባለቤት «ማጣሪያህ ተደፍኗል፤ ይለወጥ» ማለትና «ማጣሪያህ ጥቀርሻ ይዟል» ማለት የትየለሌ ልዩነት አላቸው።

ስያሜው ከጠራ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎችም ይጠራሉ። መኪናው በእርግጥ የጭስ ማጣሪያ አለው ወይ? ብዙ አሮጌ ከባድ መኪናዎች የላቸውም። የተነበበው የብልሽት ቁጥር የትኛው ነው? ፒ2452 ከሆነ ጥርጣሬው በማጣሪያው ላይ ሳይሆን በግፊት መለኪያው የኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ነው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ወደ መለኪያው የሚያደርሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰንጥቀው ወይም ተዘግተው እንደ ሆነ ታይቷል ወይ? የጭስ መውጫው ጫፍ ውስጡ በጥቀርሻ የጠቆረ ከሆነ ማጣሪያው «ተደፈነ» ሳይሆን «ተሰነጠቀ» ወይም ቀድሞ ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሞተሩ ዘይት ልክ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ከተገኘ፣ ተጀምሮ በተቋረጠ ጥቀርሻ ማቃጠል ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ይሆናል። በመጨረሻም ጥቀርሻውን ያበዛው ምንድን ነው? ኢንጀክተሩ ወይም ተርቦው ታሞ ከሆነ አዲሱም ማጣሪያ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። እነዚህ ጥያቄዎች በ«ተደፈነ» ቋንቋ ሊጠየቁ አይችሉም።

«ዲፒኤፍ» የሚለው ምሕጻር እንዳለ ይወሰድ የሚሉ አሉ። ውሰትን የምንነቅፍ አይደለንም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ካንዴላ ከባዕድ መጥተው የአማርኛ ዜጎች ሆነዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ የቀለጠው ታላቅ መድፍም በክራይሚያ ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። መሣሪያን ለይቶ ለመጥራት ብቻ ከሆነ ፍች የሌለው ስም አይጎዳም፤ ምሕጻሩም መለዋወጫ ሲገዛ ከአማርኛው ጎን ሊጻፍ ይገባዋል። ሕመምን ለይቶ ለመናገር ግን ምሕጻሩ አቅም የለውም፤ ምን እንደሚያጣራ፣ ምን እንደሚይዝ፣ የያዘውም እንዴት እንደሚወገድ አይነግርምና።

ስለዚህ ለዕቃው «የጭስ ማጣሪያ»፣ ለሚቃጠለው ዝቃጭ «ጥቀርሻ»፣ ለማይቃጠለው «አመድ»፣ ለሂደቱ «ጥቀርሻ ማቃጠል» የሚሉት ቃላት በተርጓሚዎች ዘንድ እንዲመረመሩ እናቀርባለን። ምርመራው ግን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳይቀር። ቃላቱ ለመካኒኩና ለባለመኪናው ይነበቡ፤ ሁለቱ አንድ ነገር ተረድተው ከተገኙ ስያሜው ጸንቷል፤ የተለያየ ነገር ከተረዱ ግን ሥራው እንደገና ይጀመር።