ሊግ የሌላቸው የአየርላንድ ከተሞችና አዲስ የኳስ ክለብ የማቋቋም ሐሳብ

ስለ አየርላንድ እግር ኳስ በተነሣ ቍጥር ከሚሰሙት ሐሳቦች አንዱ፥ የሊግ ቡድን የሌላቸውን ከተሞች በሕዝባቸው ብዛት አሰልፎ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክለብ ማቋቋም ነው። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ይማርካል። በ2022 የሕዝብ ቈጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ናቫን ከ33,000 በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ኤኒስ፥ ካርሎውና ኪልኬኒም እያንዳንዳቸው ከ27,000 በላይ ነበራቸው። ከነዚህ ከተሞች ባንዲቱም እንኳ በፕሬሚየርም ሆነ በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የወንዶች ቡድን የለም። ነዋሪዎቿ የናቫንን ሩብ በማይሞሉት በባሊቦፌ ግን ፊን ሃርፕስ ከ1969 ጀምሮ በሊጉ ውስጥ አለ። ትንሿ አትሎንም በ1975 በገዛ ሜዳዋ ከኢጣሊያው ሚላን ጋራ 0 ለ 0 ወጥታለች፤ ያውም ፍጹም ቅጣት ምት ስታ። እንግዲህ ትንሾቹ ይህን ከቻሉ ትልልቆቹ ምን ያግዳቸዋል? ይላሉ የሐሳቡ ደጋፊዎች።

እኛ ግን ከዚሁ ማስረጃ ተቃራኒውን እናነባለን። ባሊቦፌና አትሎን የሚያሳዩት የሕዝብ ቍጥር ክለብን እንደማያቆም ነው። በቍጥር ቢሆን ኖሮ ስፖርቲንግ ፊንጋል ዛሬም በኖረ ነበር። ይህ ክለብ ከደብሊን በስተ ሰሜን ባለው፥ ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በፊንጋል አውራጃ ስም ተቋቁሞ በ2008 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። የአውራጃው ምክር ቤት ደገፈው፤ የቤት ሥራ ባለሀብቶች ገንዘብም አልጐደለበትም። በ2009 የአየርላንድን ዋንጫ አነሣ፤ በ2010 በኤውሮፓ ውድድር ማጣሪያ ከፖርቱጋሉ ማሪቲሞ ጋራ ተጋጠመ። በየካቲት 2011፥ የውድድሩ ዘመን ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፥ ፈረሰ። የቤት ሥራው ንግድ ወድቆ ገንዘቡ ሲቋረጥ፥ ክለቡን የኔ ነው ብሎ የሚይዝ ሰፈር አልተገኘም። የሚጫወትበት የሳንትሪ ሜዳ እንኳ የአትሌቲክስ ስታዲየም ነበር፤ ተመልካቹ ከጨዋታው የሚለየው በመሮጫው ጐዳና ነው። ዋንጫ ተገኘ፥ ተመልካች ግን አልተገኘም።

ፊንጋል ብቻውንም አይደለም። ተርልስ ታውን ከ1977 እስከ 1982 ቈይቶ ቀረ። በኒውብሪጅ የነበረው ኪልዴር ካውንቲ ከ2002 እስከ 2009 ብቻ ቈየ። ሞናሐን ዩናይትድ በሰኔ 2012 በውድድሩ መካከል ራሱን አገለለ። ይህ ሁሉ እየታወቀ ካርታ ዘርግቶ «እዚህ ክፍት ቦታ አለ» ማለት ታሪክን አለማንበብ ይመስለናል።

ሁለተኛው፥ ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት የጌሊክ ጨዋታ ነው። በ1884 በተርልስ ከተማ የተመሠረተው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር በየአጥቢያው ክለብ አለው፤ እስከ 1971 ድረስም አባሎቹ «የባዕድ ጨዋታ» የተባለውን እግር ኳስ እንዳይጫወቱ፥ እንዳያዩም በደንቡ ይከለክል ነበር። በኪልኬኒ የሚነግሠው ደግሞ ሀርሊንግ ነው፤ ይህም የኛን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ፈጽሞ የማይደነግጥበት በዱላ የሚመታ ኳስ ነው። እንግዲህ በዚህ ኀይል ፊት አዲስ ክለብ አይቆምም ይባላል። ነገር ግን በጌሊክ እግር ኳስ ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ የሰበሰበው የኬሪ አውራጃ ነው፤ በዚሁ አውራጃ፥ በትራሊ ከተማ፥ ኬሪ የተባለ የሊግ ክለብ በ2023 ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻውን ቦታ ያዘ፤ ሆኖም አልፈረሰም።

ለምን አልፈረሰም? በኛ አስተያየት ዋና ቡድኑ ከመመሥረቱ በፊት ታዳጊዎቹ ስለ ነበሩ ነው። የኬሪ ወረዳ ሊግ ለዓመታት በብሔራዊው የታዳጊዎች ውድድር ቡድን ያሰልፍ ነበር፤ የሚጫወቱበት የማውንትሆክ ሜዳም የራሱ የወረዳው ሊግ ነው። ስለዚህ በ2023 የተፈጠረው አዲስ ነገር ሳይሆን ለነበረው ልጅ የተጨመረለት አንድ ደረጃ ነው። ዌክስፎርድም በ2007 የተቋቋመው «ዌክስፎርድ ወጣቶች» በሚል ስም ነበር። መሥራቹ ሚክ ዋላስ እንደ ፊንጋል ደጋፊዎች የቤት ሥራ ተቋራጭ ነበር፤ የተቋራጮቹ ዘመን ሲያልፍ ግን ሜዳውና ልጆቹ ቀሩ፥ ክለቡም ዛሬ አለ።

ክርክራችንን የሚያስቸግረው ኪልኬኒ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። በ1985 አንደኛ ዲቪዚዮን ሲፈጠር ከገቡት አንዱ ኤምፋ ነበር፤ ስሙ ከኤመት መንገድና ከፋጢማ ሰፈር ስሞች መጀመሪያ የተገጣጠመ ነው። ከዚህ የበለጠ የሰፈር ክለብ ከየት ይመጣል? ሆኖም በ1989 ስሙን ወደ ኪልኬኒ ሲቲ ለውጦ፥ በጥር 2008 ከሊጉ ወጣ። የስም ለውጡ ገደለው አንልም። ነገር ግን የሁለት ሰፈር ክለብ የከተማ ሁሉ ክለብ ነኝ ሲል፥ ከተማው ሁሉ መጥቶ ካልተቀበለው ሰፈሩ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ሥር አስፈላጊ ነው፥ ብቻውን ግን አይበቃም።

ደሪ፥ ጎልዌይና ሊሜሪክ በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት የለባቸውም። ደሪ ሲቲ በ1972 ከሰሜኑ ሊግ ወጥቶ 13 ዓመት ከከፍተኛ ጨዋታ ተለይቶ ከኖረ በኋላ በ1985 ወደ ደቡቡ ሊግ ሲገባ፥ በ1989 ሦስት ዋንጫ ባንድ ዓመት ወሰደ፤ የናፈቀው ሕዝብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበርና። በሊሜሪክ በ2021 የወንዶች ቡድኑን ያሰለፈው ትሪቲ ዩናይትድም የወደቀውን የቀድሞ ክለብ ቦታ ወረሰ። የሊግ ክለብ አጥቶ የሚያዝን ከተማና አይቶት የማያውቅ ከተማ አንድ አይደሉም። አዲስ ክለብ ሁሉ ይሳካል የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት እነዚህን ስለ ሆነ፥ ምሳሌያቸውን አንቀበልም።

ጉዳዩ የተመልካች መዝናኛ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍንበት ነበር። ከ2021 መባቻ ጀምሮ ብሪታንያ ከኤውሮፓ ኅብረት ስለ ወጣች፥ አንድ የአየርላንድ ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ወደ እንግሊዝ ክለብ መዛወር አይችልም። አስቀድሞ ጐበዝ የተባለ ሁሉ በ16 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ይሠለጥን ነበር፤ አሁን ግን እነዚያን ሁለት ዓመታት የሚያሳልፈው በአገሩ ነው። የደብሊን ልጅ በአውቶቡስ ደርሶ ይመለሳል። የኤኒስ ልጅ ግን ከትምህርት በኋላ በሳምንት ብዙ ቀን ወደ ሊሜሪክ ወይም ወደ ጎልዌይ መመላለስ አለበት፤ አባቱ መኪና ከሌለው ነገሩ ያበቃል። የኤኒስ ክለብ ጥያቄ የዚህ ልጅ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ተቃውሟችን ክለብ አይቋቋም በማለት አይደለም፤ ከጣራው አይጀመር በማለት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የከተሞቹ ብቻ አይደለም። በ1985 የተፈጠረው አንደኛ ዲቪዚዮን ለብዙ ዘመን ከሥሩ ደረጃ አልነበረውም፤ ከ2008 እስከ 2011 የተሞከረው ኤ ሻምፒዮንሺፕም የነባር ክለቦች ተጠባባቂ ቡድኖች የበዙበት ሆኖ ቀረ። መውጫ መሰላል ከሌለ አዲስ ክለብ የሚገባው በፈቃድ ማመልከቻ ነው፤ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ በጀቱን፥ ሜዳውንና ባለ ምስክር ወረቀት አሠልጣኙን በወረቀት ማሳየት አለበት። ወረቀት የሚያምርለት ደግሞ ባለ ገንዘቡ ነው፤ ፊንጋል የገባው በዚህ በር ነው።

ናቫን ወይም ኤኒስ ዛሬ ሊጀምር ቢፈልግ፥ በ14፥ በ15ና በ17 ዓመት ደረጃ ታዳጊዎቹን አሰልፎ፥ ከወረዳው ሊግ ጋራ ሜዳውን በጽሑፍ ተዋውሎ፥ ዋናውን ቡድን ለኋላ ቢያቈየው እንመርጣለን። በመጀመሪያ በጀቱ ላይ ልናይ የምንፈልገውም የአጥቂ ደመወዝ ሳይሆን፥ ልጆቹን ወደ ስላይጎና ወደ ኮርክ ለሚያመላልሰው አውቶቡስ ማን እንደሚከፍል ነው።