ታንኳና ደንገል
የጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራው ከሳንቃ ሳይሆን ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ታጭዶ ይደርቅና እየተጠቀለለ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ የታንኳው አፍንጫም ሽቅብ ይቀናል። ምስማር አይነካውም። ውሃ ስለሚጠጣ ከቀዘፋ መልስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

በሙያው የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቋንቋው ጠፋ፣ ጥበቡ ግን በእጅ ተረፈ፤ ይህ የሚያስደንቅ ጽናት ነው።

ታንኳ የሚለው ቃል ዛሬ ለማንኛውም ትንሽ ጀልባ ያገለግላል። ደንገልን ደግሞ የከተማ አንባቢ የሚያውቀው በመጽሐፍ ቅዱስ ካለው ሕፃኑ ሙሴ ከተቀመጠበት የደንገል ሣጥን ታሪክ ነው። ቃላቱ እንዲህ ከሙያው እየራቁ ስለሆነ፣ የጣና ታንኳ ሠሪዎች የሙያ ቃላት ባለቤቶቹ ሳሉ ከአፋቸው ሊመዘገቡ ይገባል።