ቤተ ጊዮርጊስ በ1,200 ነጥብ

የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ቡድን የላሊበላን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር የለካበትን ሥራ ስለ እነሱ ከተሠሩት ሁሉ አብዝቼ አከብረዋለሁ። የቡድኑ መሥራች ሄይንዝ ሩተር ከወርልድ ሞኑመንትስ ፈንዱ ጋኤታኖ ፓሉምቦ ጋር ሆኖ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥናት ጽሑፍ፣ የሌዘር ልኬት ለቅርሱ ክትትልና ጥበቃ ምን እንደሚፈይድ አስረድቷል። እዚህ የምመዝነው ግን ጽሑፉን ብቻ አይደለም። ልኬቱን፣ ሞዴሎቹን፣ ፕላኖቹንና ሴክሽኖቹን እንደ አንድ ሥራ አያቸዋለሁ። ሥራው ትልቅ ነው፤ አላለቀም።

ትልቅነቱን ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያሻል። ስካነሩ በሦስት እግሩ ቆሞ የሌዘር ጨረር ይለቃል። በፍጥነት የሚሽከረከር መስታወት ጨረሩን ከላይ ወደ ታች ይጠርገዋል፤ መሣሪያው ራሱ ደግሞ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይዞራል። ጨረሩ ድንጋዩን መትቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይለወጣል። ብርሃን በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የ3 ሚሊሜትር ልዩነት በደርሶ መልስ 20 ፒኮሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ እየተለካ ከአንድ ቦታ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ይሰበሰባል። ከዚያ ስካነሩ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፤ ከየቦታው የመጣው የነጥብ ክምችትም በኮምፒውተር እርስ በርሱ ይገጣጠማል።

ላሊበላ ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሌዘር የሚለካው ፊት ለፊቱ ያለውን እንጂ ከጀርባ ያለውን አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ መካከል ስለቆመ፣ ከአፋፉ ሆኖ ጣሪያውን መለካት፣ ከሥሩ ወርዶ ግድግዳውን መለካት፣ ከዚያ ሁለቱን ያለ ስሕተት ማገናኘት ግድ ይላል። የቤተ አባ ሊባኖስ ከዚህም ይከብዳል። ጎኖቹ ከአለቱ ተለይተው ጣሪያው ግን ከላይ ካለው አለት አልተላቀቀም፤ በዙሪያው የተፈለፈለው መተላለፊያም ጠባብ ነው። በዚያ ጥበት ጨረሩ ግድግዳውን በሰያፍ ስለሚመታ ነጥቦቹ ይዘረዘራሉ፣ ልኬቱም ይሳሳል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ የተገጣጠመ ሞዴል ማውጣት የትዕግሥት ውጤት ነው።

ከውጤቶቹ ሁሉ እኔ የማበልጠው በስክሪን ላይ የሚሽከረከረውን ሞዴል አይደለም፤ ሴክሽኖቹን ነው። ሞዴሉ ዓይን ቦታው ላይ ሊያየው የሚችለውን መልሶ ያሳያል። ሴክሽን፣ ማለትም ሕንፃውን ከላይ ወደ ታች እንደተቆረጠ አድርጎ የሚያሳየው ሥዕል፣ ግን ማንም ቆሞ ሊያየው የማይችለውን ያወጣል፦ ጣሪያው ምን ያህል እንደሚወፍር፣ የውስጡ ወለል ከግቢው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከላይ ያለው መሬት ወደ የት እንደሚያዘነብል። የዝናብ ውኃ በየት ገብቶ የት እንደሚቆም መነጋገር የሚቻለውም ከዚህ ተነስቶ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው ያለቁት፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ እንዲከልሉ የተተከሉት መጠለያዎች ሕዝቡን አሳስበው በ2018 እ.ኤ.አ. ነዋሪው አደባባይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ክርክር መካከል ሴክሽን ማንበብ የሚችል ካህን፣ አስጎብኚና ተማሪ ቢበዛ ጥያቄው ምን ያህል በጠነከረ ነበር!

ቅሬታዬ እዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ፣ ክትትል ማለት መደጋገም ነው። አንድ ልኬት በዚያ ቀን ድንጋዩ እንዴት እንደነበረ ይነግረናል፤ መንቀሳቀሱን የሚነግረን ከዓመታት በኋላ በዚያው ጥራት ተለክቶ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ነው። ከሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ የምትገባ ቀጭን ስንጥቅም ታመልጣለች። አለቱ ውስጥ የሠረገውን ውኃ ደግሞ ሌዘር ጨርሶ አያየውም። ይህ የቡድኑ ጥፋት ሳይሆን የመሣሪያው ወሰን ነው፤ ወሰኑ ግን ከጽሑፉ ተስፋ እኩል ጎልቶ መነገር ነበረበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይበልጣል። ልኬቱ ሁሉንም ሰብስቧል፣ ግን አልመረጠም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ለባለሙያ የተጻፈ ነው፣ ሞዴሉም ጠንካራ ኮምፒውተርና ጥሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በላስታ ተራሮች ያለ አንድ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ሚሊዮን ነጥብ ምን ይዞ ይሂድ? ይህን ጥያቄ በተግባር የምፈትንበት መንገድ አለኝ፤ እሱም በቤት የሚሠራ የሌዘር ትርኢት ፕሮጀክተር ነው።

ፕሮጀክተሩ ከስካነሩ ብዙም የራቀ ዕቃ አይደለም። ጋልቮ በሚባሉ ሁለት ሞተሮች ላይ ትናንሽ መስታወቶች ተገጥመዋል፤ አንዱ ጨረሩን ግራና ቀኝ፣ ሌላው ላይና ታች ይመራዋል። ደህና ጋልቮ በሰከንድ 30,000 ነጥብ ያስኬዳል። ሥዕሉ ለዓይን እንዳይርገበገብ በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል መደገም አለበት። ስለዚህ ለአንድ ሥዕል የሚደርሰው 1,200 ነጥብ ብቻ ነው።

የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ እንውሰድ። በላዩ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ። ክንዶቹ እኩል የሆነ መስቀል 12 ማዕዘን አለው፤ ሦስቱ 36 ይሆናሉ። መስታወቱ ክብደት ስላለው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቆም ካላለ ማዕዘኑ ይጎብጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማዕዘን 8 ነጥብ ደራርበን ብናስቀምጥ 288 ይሆናል። ለ36ቱ ጎኖች ለእያንዳንዳቸው 12 ነጥብ ብንሰጥ 432፣ ጨረሩ ጠፍቶ ከመስቀል ወደ መስቀል ለሚዘልበት ደግሞ 90 ያህል። ድምሩ 810 ነው። በቀሪው 390 ነጥብ የዙሪያው መሬት ከጣሪያው ጋር እኩል መሆኑን የምታሳይ አንዲት የሴክሽን መስመር ጎን ለጎን ትሣላለች። ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ የማያውቅ ልጅ ሕንፃው ከመሬት በታች መቆሙን የሚረዳው በዚህች መስመር ነው። ከሚሊዮኖቹ መካከል ይህን መርጦ ማውጣት ራሱን የቻለ የጥናት ሥራ ነው፤ የዛማኒ ሥራ የቆመው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው።

ወደ ሽቦው ልምጣ፤ ነገሩ በእጅ የሚሠራ መሆኑ የሚታየው እዚያ ነውና። በ1986 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሌዘር ትርኢት ማኅበር፣ ኢልዳ፣ የኮምፒውተሩን ምልክት ወደ ፕሮጀክተሩ የሚያደርሰውን ገመድ ባለ 25 ፒን አድርጎ ደንግጎታል። ፒኖቹ ተጠጋግተው ስለተደረደሩ በቀጥታ ሽቦ መበየድ ያስቸግራል። የምልክት መበተኛ ቦርድ የሚሠራው ለዚህ ነው፦ ባንድ በኩል ባለ 25 ፒኑ ኮኔክተር ይበየድበታል፣ በሌላ በኩል እያንዳንዱ ፒን በብሎን ወደሚጠብቅ የራሱ ተርሚናል ይወጣል። 1 እና 14 የአግድሙ፣ 2 እና 15 የቁሙ ምልክት ናቸው። ቀይ 5 እና 18፣ አረንጓዴ 6 እና 19፣ ሰማያዊ 7 እና 20 ላይ ይመጣል። 25 የጋራ መሬት ነው። ጥንዶቹ ተቃራኒ ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ገመዱ በመንገድ የሚለቅመው ረብሻ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ይጠፋል። ለዚህ ነው ጥንዶቹን አብሮ ጠምዝዞ ማስገባት የሚመከረው።

1 እና 14 ቢቀያየሩ ሥዕሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ብቻ የሚሥል ሰው ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያየውም፣ መስቀሉ ቢገለበጥም ያው ነውና። ስለዚህ ለመፈተሻ የሚሻለው የአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አቀማመጥ ነው፦ ዮርዳኖስ የሚባለው ወንዝ በመካከል፣ የቤተ መድኃኔ ዓለምና የቤተ ማርያም ወገን በሰሜን፣ የቤተ አማኑኤል ወገን በምሥራቅ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው በምዕራብ። ቤተ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ብቅ ካለ ሽቦው ተገልብጧል። የፕሮጀክተሩን ምልክት ከኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ለሚያወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የድምፅ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ አያሳልፍም፤ ከመሃል ርቆ እንዲቆም የታዘዘ ሥዕል ተንሸራቶ ወደ መሃል ይመለሳል። ለብቻው ዳር ላይ የተሣለ ቤተ ጊዮርጊስ ቦታውን ጠብቆ አይቆምም።

4 እና 17 ላይ ግን አልደራደርም። እነዚህ ሁለቱ ፒኖች የጥንቃቄ ቀለበት ናቸው፤ ገመዱ ሲነቀል ቀለበቱ ይቆረጥና ጨረሩ እንዲጠፋ ታስቦ የተደነገገ ነው። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ፕሮጀክተሩ ውስጥ በአጭር ሽቦ የሚያገናኛቸው ሰው አለ። መስታወቶቹ በብልሽት ቢቆሙ ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ከግማሽ ዋት በላይ የሆነ ሌዘር ዓይን ውስጥ ቢገባ ሰው ዓይኑን እስኪጨፍን አይጠብቅም። ልጆች በሚቀመጡበት አዳራሽ እንዲህ የተገናኘ ቦርድ መግባት የለበትም። ጨረሩም ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ማለፍ አለበት።

ይህን ትርኢት በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ይሁን የሚል ሐሳብ ካለ እቃወማለሁ። በገና ማለዳ ካህናቱ በማሜ ጋራ፣ ከቤተ ማርያም ግቢ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ቆመው፣ ከታች ካሉት ጋር ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲዘምሩ ያየ ሰው ያ አለት ስክሪን እንዳልሆነ ያውቃል። ለሴክሽን መስመር በትምህርት ቤት አዳራሽ የተወጠረ አቡጀዲ ይበቃል። ጭስም አያስፈልገውም፤ ጨረሩ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይታያል።

ለዛማኒ ሥራ ያለኝ ፍርድ ይኸው ነው። ልኬቱ ከትምህርት ቤት አዳራሽ ይቅርና ከተመራማሪ ላቦራቶሪም የሚበልጥ ሀብት ነው። ግን ከሚሊዮን ነጥብ ወደ 1,200 የሚያወርድ፣ ስያሜው በአማርኛ የተጻፈ፣ ሚዛኑ በሜትር የተቀመጠ፣ በዝግተኛ ኢንተርኔትም የሚወርድ የመስመር ፋይል ለየቤተ ክርስቲያኑ ሊወጣለት ይገባል። ምርጫውን ለባለሙያዎቹ ብቻ መተው አይገባም። የቤተ ክርስቲያኑ ሊቃውንት የትኛው ክፍል ለዓይን እንደማይቀርብ ያውቃሉ። ድንጋይ ጠራቢውም የቱ መስመር የመሣሪያ ጠባሳ እንደሆነ፣ የቱ የጥገና እንደሆነ ይለያል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራውን ሊረከቡ ይችላሉ። መጀመሪያ የማያት የቤተ አባ ሊባኖስ ሴክሽን ብትሆን እመርጣለሁ፤ ጣሪያው ከአለቱ አለመላቀቁን ከሴክሽን በቀር የሚያስረዳ ሥዕል የለም። ቀጥሎ ቤተ መርቆሬዎስ፣ የተደረመሰው ክፍል ከቀረው ተለይቶ በሌላ ቀለም።