ደን በማንኪያ፦ ጥሩ የፓይን ሽሮፕ በምን ይለያል?

ማር አዋቂ ከመቅመሱ በፊት ያሸታል። በሰሜን ኢጣሊያ በዶሎሚቲ ተራሮች የሚሠራው፣ ሙጎሊዮ የሚባለው የፓይን ሽሮፕም የሚመዘነው መጀመሪያ በአፍንጫ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ዝናብ ያረሰረሰው ደን ከሸተተ መልካም ነው። የተቃጠለ ስኳር ከቀደመ እሳት በዝቶበታል። አኳራጅ አኳራጅ ካለ ግን ጥፋቱ የተጀመረው ገና ሲለቀም ነው።

አኳራጅን ማንሳት ማጋነን አይደለም። ቀለም ቀቢ ሁሉ የሚያውቀው ይህ ፈሳሽ በቀድሞው አሠራር የሚነጠረው ከፓይን ሙጫ ነው፤ ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሽሮፑና አኳራጁ የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሽሮፑ ወደ አኳራጅ እንዳያደላ የሚጠብቀው በዋናነት የለቀማው ጊዜ ነው።

ሙጎሊዮ የሚሠራው ሙጎ ከሚባለው አጭር የተራራ ፓይን እምቡጥና ለጋ ፍሬ ሲሆን፣ የሚለቀመውም ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ፍሬው አረንጓዴና ጥፍር የሚያስገባ መሆን አለበት። ጥፍር ከመለሰ እንጨት መሆን ጀምሯል፤ ስኳር ቢከመርበትም ምሬቱ አይለቅም። የተለቀመው ከስኳር ጋር እየተነባበረ ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ ይሞላና ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ጠብ አይልበትም፤ ስኳሩ ራሱ የፍሬውን እርጥበት እየሳበ ያወጣዋል። ከዚያ ይጠልላል፣ ጥቂት ይሞቃል። ጥቂት የሚባለው በምክንያት ነው፦ የፓይን ሽታ ተናኝ ስለሆነ ረጅም ፍላት ከእንፋሎቱ ጋር ይዞት ይሄዳል።

ኦስትሪያውያን በበኩላቸው ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ ለጋ ቀንበጥ ይመርጣሉ። ማይቪፕፈርል ይሉታል፣ የግንቦት ቀንበጥ እንደማለት። ቡናማው ሽፋን ገና የወለቀለት፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ለስላሳ ቀንበጥ ሲታኘክ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ያ ኮምጣጣነት ሽሮፑም ላይ ካልተገኘ ቀንበጡ አርጅቷል። ሳል ለያዘው ሰው በማንኪያ የሚሰጡት ይህንኑ ሽሮፕ ነው። ጠንቃቃ ለቃሚ የዛፉን አናት አይነካም፤ ቁመቱን የሚጨምረው በዚያ ነውና።

እሳት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ ሙራባ በሚባለው ማርማላታ ለጋው ፍሬ እንዳለ በስኳር ይቀቀላልና ራሱ ይበላል። እዚያ ዳኛው ጥርስ ነው፦ ፍሬው ሳይፈርስ መለስለስ አለበት።

ቀለም ብዙ ሰው ያታልላል። ጥቁር ቡናማ መሆን የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ የተቃጠለ ስኳርም ያንኑ ቀለም ይሰጣል። ከቀለም ይልቅ ውፍረት ይታመናል። ከማንኪያ ሲወርድ እንደ ክር የሚሳብ ሽሮፕ ስኳሩ በቂ ነው፤ ከመቶ 65 እጅ ገደማ ሲደርስ በቀላሉ አይበላሽም። ከጠለለ በኋላ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ግን እየተብላላ ነው።

ከሁሉ በፊት ዛፉን ማወቅ ይቀድማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥድ የሚባለው ዛፍ በትርጉም መጻሕፍት የፓይን ስም ቢሆንም ከሳይፕረስ ቤተሰብ ነው፤ የፈረንጅ ጥድም እንዲሁ። ስም አምኖ ከደጅ መልቀም አይገባም። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ ለአጥር የሚተከለው ዩው አደገኛ ነው፤ ቅጠሉም ዘሩም ልብ የሚያቆም መርዝ አለው። ቅጠሉ ሲታሽ የሙጫ ሽታ የለውም። ይህ አንድ መለያ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ግን ጨርሶ አይልቀም።

ጣሊያኖች ሙጎሊዮን የአገራችንን አይብ በሚመስለው ሪኮታ፣ በቆየ ጠንካራ አይብና በአይስክሬም ላይ ያንጠባጥቡታል። ሪኮታው የራሱ ጣዕም ስለማይጫን ለፍርድ ይመቻል። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፦ ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ምሬት፣ ጣፋጩ ከምላስ ከወረደ በኋላም ደኑ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ስኳሩ ብቻ ከቀረ ያ ጠርሙስ ለሻይ ማጣፈጫ ይሁን።